ሮቶው ውስጥ ስንት ጄሪካን ውሃ ቀረ? ሳይነኩ ርቀትን በድምፅ ስለመለካት ማወቅ ያለባችሁ ነገር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጠዋት ልብስ ከመዘፍዘፉ በፊት አንዱ ይወጣና ሮቶውን ከላይ ወደ ታች በጣቱ ያንኳኳል። ባዶው ጋ ድምፁ ይጮሃል፣ ውሃው ጋ ሲደርስ ድፍን ይላል። "ግማሽ አለ" ይባልና ሥራ ይጀመራል።

ሮቶው ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ ከሆነ ግን ማንኳኳት የለም። መሰላል ይመጣል፣ ከቤቱ ልጅ ቀልጠፍ ያለው ይወጣል፣ ክዳን ይከፈታል። ክረምት ላይ ብረቱ ሲረጥብ ያ መውጣት በራሱ አደጋ ነው። ውሃ ስንት እንደቀረ ለማየት ብሎ እግሩን የሚሰበር ሰው መኖር የለበትም።

ዛሬ የምናወራው ይሄን ሥራ በርቀት ሆኖ ስለሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ አልትራሶኒክ ሴንሰር ይባላል። ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል፤ ሁለት ዓይን የመሰለ ነገር ያለው፣ ከአርዱዊኖ ጋር የሚታየው ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሆኖም እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ላይ ሲተከል፣ ብዙ ቪዲዮዎች ሳይነግሯችሁ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። እሱን ካላወቃችሁ መሣሪያው ቀን ቀን የሌለ ውሃ ያሳያችኋል።

1. ነገሩ የገደል ማሚቶ ነው

ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል። አሁን ሰዓት ያዙ እንበል። ጮሃችሁ ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ ልክ 1 ሰከንድ ፈጀ። አየሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ ድምፅ በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግን ድምፃችሁ ሄዶ ተመልሷል፤ ስለዚህ ለሁለት ይካፈላል። ገደሉ ከእናንተ 170 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ሜትር አልዘረጋችሁም፣ ገደሉንም አልነካችሁም።

ሴንሰሩ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። አንዱ "ዓይን" ይጮሃል፣ ሌላው ያዳምጣል። ጩኸቱን ግን እኛ አንሰማውም። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲሆን፣ ይሄኛው በሰከንድ 40,000 ጊዜ ይርገበገባል። አልትራሶኒክ የተባለው ከጆሯችን በላይ ስለሆነ ነው። እናቶች በእርግዝና ጊዜ የሚታዩበት አልትራሳውንድም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እሱ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ርግብግቢት ይጠቀማል።

ይሄን ዘዴ ከሁላችን በፊት የያዘችው የሌሊት ወፍ ነች። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሌሊት ወፍ ዓይኗ ባያይም ሳትጋጭ እንደምትበር ደርሶበት ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላወቀም። አሜሪካዊው ዶናልድ ግሪፊን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ምስጢሩ የማይሰማ ድምፅ መሆኑን ያረጋገጠው ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረገው ሥራ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፖላሮይድ ኩባንያ በድምፅ ርቀት ለክቶ ሌንሱን የሚያስተካክል ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ መኪና ወደኋላ ስትሄድ "ቲት ቲት" የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው።

2. በእጃችሁ የሚገባው ሰሌዳ

በተማሪዎችና በጀማሪዎች ዘንድ በብዛት የምታገኙት ኤች ሲ ኤስ አር 04 የሚባለው ነው። በአምራቹ ወረቀት መሠረት ከ2 እስከ 400 ሴንቲ ሜትር ይለካል፣ ስህተቱም ጥሩ ሁኔታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አራት እግር አለው።

ቪሲሲ፦ 5 ቮልት የሚገባበት።
ትሪግ፦ "ጩህ" ብላችሁ የምታዙበት። ቢያንስ ለ10 ማይክሮ ሰከንድ መብራት ትሰጡታላችሁ፤ 8 አጫጭር ርግብግቢቶችን ይለቃል።
ኢኮ፦ መልሱ የሚመጣበት። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ በርቶ ይቆያል። የበራበት ጊዜ ነው የምትፈልጉት ቁጥር።
ግራውንድ፦ የጋራው መሬት።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ሴንሰሩ የሚሰጣችሁ ርቀት አይደለም፤ ጊዜ ነው፣ ያውም በማይክሮ ሰከንድ። ጊዜውን ወደ ርቀት የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ኮድ አብዛኛው "ማይክሮ ሰከንዱን ለ58 አካፍል፣ ሴንቲ ሜትር ታገኛለህ" ይላል። ይሄ 58 ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎች አይጠይቁም። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኢኮ እግር የሚያወጣው 5 ቮልት ነው። አርዱዊኖ ኡኖ ይሄን ይችላል። ኢ ኤስ ፒ 32 እና ራስበሪ ፓይ ግን በ3.3 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ በቀጥታ ካገናኛችሁት ሊጎዱ ይችላሉ። የ1 ኪሎ ኦህም እና የ2 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ተጠቅማችሁ ቮልቱን ዝቅ አድርጉ።

3. ደጋው ያመጣው ጣጣ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ነች። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ "ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅም ይዘገያል" የሚል ነው። ልክ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከፍ ስትሉ የአየሩ ግፊትም ጥግግቱም አብረው ስለሚቀንሱ ለድምፅ ፍጥነት ይጣፋሉ። ፍጥነቱን የሚቀይረው ሙቀቱ ነው። አየሩ ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል።

ቀመሩ ይሄ ነው፦ የድምፅ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ = 331.3 + (0.606 × የአየሩ ሙቀት በሴንቲግሬድ)።

በ5 ዲግሪ፦ 334.3
በ15 ዲግሪ፦ 340.4
በ25 ዲግሪ፦ 346.5
በ35 ዲግሪ፦ 352.5

እስቲ በጎጃም መንገድ አስቡት። ጮቄ ተራራ ላይ ንጋት 5 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ ከደጀን ወርዳችሁ አባይ በረሃ ድልድዩ አጠገብ እኩለ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ቢያገኛችሁ፣ ያው ሴንሰር ያንኑ ርቀት 5 በመቶ ያህል አዛብቶ ይነግራችኋል። ሴንሰሩ አልተበላሸም። የተለወጠው አየሩ ነው።

አሁን ወደ 58ቷ እንመለስ። ለ58 ስታካፍሉ "የድምፅ ፍጥነት ሁልጊዜ 345 ገደማ ነው" ብላችሁ መወሰናችሁ ነው። ይሄ አየሩ 22 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው ልክ የሚሆነው። እኛ ጋ ደግሞ ንጋትና ቀትር አንድ አይደሉም፤ ጠዋት ጋቢ ለብሶ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ተሸክሞት ነው የሚመለሰው።

4. አምስት ጄሪካን የት ገባ?

ሂሳቡን ሮቶ ላይ እንሥራው። ሴንሰሩ ክዳኑ ላይ ተገጥሟል፤ ከሴንሰሩ እስከ ውሃው ወለል ትክክለኛው ርቀት 150 ሴንቲ ነው እንበል። ማንም ውሃ አልቀዳም፣ ምንም አልተጨመረም።

ንጋት ላይ በሮቶው ውስጥ ያለው አየር 8 ዲግሪ ነው። ድምፁ ሄዶ ለመመለስ 8,926 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ለ58 ሲካፈል 153.9 ሴንቲ ይላል።

ቀትር ላይ ፀሐይ ጥቁሩን ሮቶ ስትመታው ከውሃው በላይ ያለው አየር 45 ዲግሪ ደረሰ እንበል። አሁን 8,366 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ለ58 ሲካፈል 144.2 ሴንቲ።

ልዩነቱ 9.7 ሴንቲ ነው። የሮቶው የውስጥ ስፋት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 120 ሴንቲ ከሆነ፣ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ውሃ 11.3 ሊትር ነው። 9.7 ሴንቲው ማለት 110 ሊትር ገደማ፤ በባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ከአምስት በላይ ነው!

ስህተቱ የሚያደላበትን አቅጣጫ ደግሞ እዩት። ቀትር ላይ ውሃው ቀረብ ያለ ስለሚመስል ሮቶው ከሆነው በላይ ሞልቶ ይታያል። ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ቀን ነው። ስልካችሁን አይታችሁ "በቂ አለ" ትላላችሁ፣ ማታ ላይ ለወጥ የሚሆን ውሃ የለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የሚባል ውሃ የማያስገባ የሙቀት ሴንሰር አብራችሁ ትከሉ። ውሃው ውስጥ ሳይሆን፣ ግቢ ውስጥም ሳይሆን፣ ድምፁ በሚያልፍበት በሮቶው ባዶ ክፍል ውስጥ ይንጠልጠል። ከዚያ 58ን ጥላችሁ ይሄን ተጠቀሙ፦

ርቀት በሴንቲ ሜትር = ማይክሮ ሰከንድ × የድምፅ ፍጥነት ÷ 20,000

ሞክሩት፦ 8,366 በ358.6 ተባዝቶ ለ20,000 ሲካፈል 150 ይመጣል። የንጋቱም 8,926 በ336.1 ተባዝቶ ለ20,000 ሲካፈል 150 ነው። ውሃው ባለበት ነበር፤ አሁን ቁጥሩም ባለበት ነው።

5. ሮቶ ላይ ስትገጥሙ

ሀ) ሁለት ዓይን ያለውን ሰሌዳ ሮቶ ውስጥ አታስገቡት። እንፋሎቱ ያበላሸዋል። ጄ ኤስ ኤን ኤስ አር 04 ቲ የሚባል፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለውና ዓይኑ ውሃ የሚቋቋም ዓይነት አለ፤ እሱ ይሻላል። ሰሌዳውን ግን ከውጭ በደረቅ ሳጥን አስቀምጡት።

ለ) ይሄ ባለ አንድ ዓይን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ በታች ያለውን ማየት አይችልም። የሚጮኸውም የሚያዳምጠውም አንዱ ዓይን ስለሆነ፣ ጩኸቱን ሳይጨርስ መልሱ ከመጣ አይሰማውም። ሮቶው ጢም ሲል የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑ።

ሐ) ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት እየሰፋ ነው የሚሄደው። በ15 ዲግሪ ቢሰፋ እንኳ 2 ሜትር ላይ ሲደርስ ግማሽ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ባለ አንድ ዓይኑ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ስለዚህ ከግድግዳው፣ ከመሙያው ቧንቧና ከተንሳፋፊው ኳስ አርቁት። አለዚያ የሚለካላችሁ ውሃውን ሳይሆን ቧንቧውን ነው።

መ) የምትበሱት ክዳኑን ብቻ ነው፤ ገላውን አትንኩ። ቀዳዳውን በሲልከን ዝጉት፤ አቧራና ትንኝ እንዳይገባ። ለመግጠም ስትወጡ ታች መሰላል የሚይዝ ሰው ይኑር። ላለመውጣት ብላችሁ የጀመራችሁት ሥራ ላይ አትውደቁ።

ሠ) አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትመኑ። አምስት ጊዜ ለኩና ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ የመሃሉን ውሰዱ። ውሃ እየገባ ሳለ ወለሉ ስለሚናወጥ ቁጥሩ ይዘላል፤ መሃለኛው ግን ብዙም አይታለልም።

ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከሴንሰሩ እስከ ሮቶው ወለል 180 ሴንቲ ከሆነና ሴንሰሩ 130 ካለ፣ 50 ሴንቲ ውሃ አለ። 50 በ11.3 ሲባዛ 565 ሊትር፣ ማለትም 28 ጄሪካን። ስልካችሁ ላይ "28 ጄሪካን" ብሎ እንዲመጣ አድርጉት፤ እናታችሁ "130 ሴንቲ" የሚለውን ምን ታድርገው?

6. ምን ላይ ይሠራል? ምን ላይ ያፍራል?

ውሃ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ብርሃን በጠራ ውሃና በመስታወት ውስጥ ያልፋል፤ ድምፅ ግን ከአየር መጥቶ ውሃ ሲያገኝ ሙሉ ለሙሉ በሚባል ደረጃ ይመለሳል። ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ ጣውላ ላይም ጥሩ ነው።

ለስላሳ ነገር ላይ ግን ድምፁ ይዋጣል። ጋቢ የለበሰ ሰው ፊት ሴንሰሩን ያዙትና እዩ፤ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ "ማንም የለም" ይላል። ፊቱ ያጋደለ ነገር ላይም ችግር ነው፤ ድምፁ እንደ ኳስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነጥሮ ይሄዳል።

"ጎተራ ውስጥ የቀረውን እህልስ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በተወሰነ ደረጃ ይቻላል፤ ግን እህል እንደ ውሃ አይተኛም። ከመሃል ሲቀዳ ይሰረጉዳል፣ ከላይ ሲጨመር ይቆለላል። አንድ ሴንሰር የሚያየው አንዱን ቦታ ብቻ ነው። አቧራውም ዓይኑን ይሸፍነዋል። ግምት ለማግኘት ይሆናል፤ ለሽያጭ ሂሳብ ግን ሚዛን ይሻላል።

ለዓይነ ስውራን የሚሠራ ዘንግም በተማሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ የተለመደ ፕሮጀክት ነው። ፊት ለፊት ያለን ግንብ ወይም የቆመ መኪና ያውቃል። ወደ ፊት ያነጣጠረ ሴንሰር ግን ክዳኑ የተነሳ ቦይን አያይም፤ ጉድጓድ የሚመልሰው ድምፅ የለውማ። ስለዚህ የምትሠሩ ልጆች፣ ነጩን ዘንግ እንዲያግዝ ሥሩት እንጂ እንዲተካ አትሥሩት። ከመሸለሙ በፊትም የሚጠቀምበት ሰው ይሞክረው።

7. ከሮቶ ወደ ጨሞጋ

ይሄ ነገር ከግቢ ያለፈ ጥቅም አለው። ጨሞጋ ወንዝ ከጮቄ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፎ ወደ አባይ ይወርዳል። ወልደአምላክ በውቀት እና ኸርት ስተርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከ1960 እስከ 1999 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የጨሞጋን የፍሰት መዝገብ መርምረው ነበር። የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት እየቀነሰ መምጣቱን፣ የቀነሰውም ዝናቡ ከቀነሰበት መጠን በላይ መሆኑን አገኙ። በተለይ የበጋው ፍሰት ጎልቶ ቀንሷል። የመሬቱ ሽፋን መለወጥና መራቆቱ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ይሄን ማወቅ የተቻለው ለ40 ዓመት ሰዎች የውሃውን ከፍታ እየለኩ ስለመዘገቡ ነው። በአገራችን የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች የተለመደው ዘዴ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ ሰሌዳ ወንዙ ዳር ተክሎ፣ አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ እየሄደ ቁጥሩን እንዲያነብ ማድረግ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ሌሊት መጥቶ ሌሊት የሄደ ጎርፍ ግን መዝገብ ላይ አይገኝም።

ድልድይ ሥር ወደ ታች የተንጠለጠለ ሴንሰር በየ10 ደቂቃው ሊለካ ይችላል፤ ጎርፉ አይወስደውም፣ ምክንያቱም ውሃውን አይነካም። ዳሩ ግን የሙቀቱ ነገር እዚህ ይብሳል። ድልድዩ ከውሃው 5 ሜትር ከፍ ቢል፣ ሌሊት 8 ዲግሪ፣ ቀን 24 ዲግሪ ቢሆን፣ ሙቀትን ያላገናዘበ ሴንሰር (ለ5 ሜትር የሚሆን ረጅሙ ዓይነት ማለቴ ነው፤ ባለ 4 ሜትሩ አይደርስም) ወንዙ በየቀኑ በ14 ሴንቲ የሚሞላና የሚጎድል ያስመስላል። በጋ ላይ ለቀጠነ ወንዝ 14 ሴንቲ ቀላል ነገር አይደለም። የውሃ ከፍታ ብቻውንም ፍሰት አይሆንም፤ የወንዙ ስፋትና የውሃው ፍጥነት በሌላ መንገድ መለካት አለበት። በጣም ከፍ ላለ ድልድይ ደግሞ በሙቀት ብዙም የማይነካው ራዳር ይመረጣል።

8. ከመተማመናችሁ በፊት

አንድ ፈተና ብቻ አድርጉ። ሴንሰሩን ከግድግዳ ፊት ለፊት ልክ 150 ሴንቲ ላይ አስቀምጡ፤ ርቀቱን በብረት ሜትር ለኩት። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንብቡ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ እንደገና አንብቡ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ኮዳችሁ ሙቀቱን ረስቷል ማለት ነው። ከተመሳሰሉ ወደ ሮቶው መሄድ ትችላላችሁ።

ሴንሰሩ የሚያውቀው ጊዜ ብቻ ነው። አየሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ውሃ ይሁን ጋቢ፣ ቧንቧ ይሁን ግድግዳ፣ እሱን የምናውቀው እኛ ነን። እስከዚያው ድረስ በጣት ማንኳኳቱን አትተዉ፤ ማማ ላይ ካልወጣችሁ በስተቀር እሱም ቢሆን ድምፅን ሰምቶ ውሃን ማወቅ ነው፣ ያውም ባትሪ አይጨርስም።

ግቢው ውስጥ ከፍ ያለ ሮቶ ያለው ጓደኛ ካላችሁ አጋሩት።